ዐራስ እንጂ እንግዳ አይደለም

እኛ ሐበሾች እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን ይባላል፡፡ ሐሰት አይደለም፡፡ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን አስገብተን የተሻለው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፡፡ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ምግብ ይቀርባል፡፡ «በልቻለሁ» ካለ «በሞቴ» ይባላል፡፡ ጎረቤት ይጠራል፤ ልጅ ይዞ ከመጣም ልጁ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይሳማል፡፡ ለሰው ልጅ ይሄ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ቅሬታ የለኝም፡፡ አዲስ ቤት ለገባ ጨቅላ እባብ ግን ከዚህ የከፋ አቀባበል ፈልጋችሁም አታገኙም፡፡

«ለምን ለገባ?» ስትሉ ሰማሁ፡፡ ለእባብ፡፡ ወገኖቼ አትሩጡ፤ ትንሽ ታገሡኝ፡፡ አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎቼም «ይቺ ልጅ እባብ አሳድጉ እያለችን ነው» እንዳትሉኝ፡፡ አላልኩም፡፡ እኛ አገር ሜዳ ላይ የምታገኙት እባብ ማምባም፣ ኮብራም፣ እፉኝትም ሊሆን ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ የተራራ እፉኝት እንኳ አለን፡፡ የዱሩን ለዱር ተዉት፤ መንገድ ልቀቁለትና ይሂድ፡፡ እኔ የማወራው እንደ ድመትና ውሻ በየቤቱ እባብ ስለሚያሳድጉበት አገር፣ አሁን ስለምኖርበት ስለ አሜሪካ ነው፡፡

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ (19 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ) ቦል ፓይተን የሚባል አነስተኛ የዘንዶ ዘር ገዝቶ ቤት ገባ፡፡ አክስቴ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ ጸለየች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ለመሆኑ ይሄ ነገር ይበርደው ይሆን?» ብላ ጠየቀች፡፡ ስሙን አርዌ አልነው፡፡ በአፈ ታሪካችን አክሱምን ይገዛ የነበረው፣ ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ዘንዶ መሆኑ ነው፡፡ የእኛው አርዌ ግን በኩሽና ሚዛን ሲለካ 70 ግራም እንኳ አልሞላም፡፡ ሁለት እንቁላል ይበልጠዋል፡፡

ታዲያ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቡና ተፈላ፡፡ የልጁ ጓደኞች መጡ፤ ጎረቤት መጣ፡፡ አርዌ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ፎቶ ተነሣ፤ አንዷ እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አደረገችው፡፡ እሱም ኳስ ሆኖ ተጠቀለለና ራሱን መሐል ቀበረ፡፡ «እዩት! ተመችቶት ተኛ!» ተባለ፡፡ ልብ በሉ፤ እንስሳው «ቦል» የተባለው በዚሁ ጠባዩ ነው፡፡ ሲፈራ ኳስ ይሆናል፡፡ ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበው ለፍርሃት ነበር፡፡

በልጁ አልፈርድም፡፡ የሸጠለት ሰው «ከዛሬ ጀምረህ በየቀኑ ያዘው፤ ይለምድሃል» ብሎታል፡፡ ይሄን ምክር ስንቱ ሱቅ ስንቱን ገዢ እያለው እንደሚውል ሳስብ ይገርመኛል፡፡ ጋዜጠኝነት ስማር ጭንቅላቴ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ «አንድ ምንጭ አይበቃም» የሚለው ነው፡፡ እናም ዓመታት ያሳደጉ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ የእንስሳት ሐኪሞች የጻፉትን አነበብሁ፡፡ በስንቱ ነገር የሚጣሉ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ እንዲያውም ሁለት ሦስቴ በደንብ እስኪበላ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፡፡

የእኔ አቋም ታዲያ ይኸው ነው፡፡ አዲስ የገባ ጨቅላ እባብ እንግዳ አይደለም፤ ዐራስ ነው፡፡ የዐራስ ቤትን ሥርዓት ደግሞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፡፡ መጋረጃው ይወርዳል፡፡ ብርድ እንዳይገባ በሩ ይጠበቃል፡፡ ጠያቂ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፡፡ ሕፃኑን ገልጦ ማየት ነውር ነው፤ የሰው ዓይን ይፈራል፡፡ ያንን ሥርዓት እንዳለ ወስዳችሁ ሣጥኑ ላይ ብታውሉት ከሥራው ግማሹን ጨረሳችሁ፡፡

ለምን? ይሄ እንስሳ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ድረስ የሚኖር ነው፡፡ ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል፡፡ እናቱ እንቁላሎቿ ላይ ተጠምጥማ ሁለት ወር ገደማ ትቆያለች፡፡ ከተፈለፈሉ በኋላ ግን ሁሉም በየፊናው ነው፡፡ የውሻ ቡችላ እናቱ ስትልሰው፣ ወንድሞቹ ላይ ተደርቦ ሲተኛ ያድጋል፤ መነካት ማለት ሙቀት ማለት መሆኑን ያውቃል፡፡ የእባብ ጫጩት ይሄን የተማረበት ቀን የለም፡፡ እሱን ከላይ መጥቶ የሚያነሣው ፍጥረት ሊበላው የመጣ ጭልፊት ነው፡፡ እናንተ «የኔ ቆንጆ» እያላችሁ ስታነሡት እሱ የሚያውቀው ይሄንኑ ነው፡፡

ወደ ቤቱ ልምጣ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚያ ነውና፡፡ የአክስቴ ልጅ የገዛው ሣጥን በአራቱም በኩል መስታወት፣ ውስጡ ባዶ፣ ቦታው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር፡፡ ለሚያይ ሰው ያምራል፡፡ ለአርዌ ግን መስቀል አደባባይ መሐል በቀትር ራቁትን እንደ መቆም ነው፡፡ አሳዳጊዎች ስለ ሣጥን ስፋት ሲጨቃጨቁ ውለው ያድራሉ፡፡ ግማሹ «ለጨቅላ ጠባብ ይሻላል» ይላል፤ ግማሹ «ኧረ ሰፊ ስጡት» ይላል፡፡ ለእኔ ጠቡ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል፡፡ ዱር ሰፊ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም፡፡ ቅጠል፣ የዛፍ ቅርፊት፣ የተጠቀለለ ካርቶን እስከሞላው ድረስ ሰፊ ሣጥን አያስፈራውም፡፡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ጠባቡም ያስፈራዋል፡፡

ከሁሉም የሚበልጠው መደበቂያው ነው፡፡ አንድ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ በሙቀቱ በኩል፣ ሌላው በቀዝቃዛው በኩል፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ እባብ ሙቀቱን ከራሱ አያመነጭም፤ ሲበርደው ወደ ሙቀቱ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየሄደ ያስተካክላል፡፡ መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነና እሱም በቀዝቃዛው በኩል ካለ፣ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ይምረጥ ብላችሁ ፈረዳችሁበት፡፡ ፈሪ ስለሆነ መደበቁን ይመርጣል፤ ብርድ ላይ ተኝቶ የበላው አይፈጭለትም፡፡ መደበቂያው ደግሞ ጠበብ ይበል፤ ጎንና ጎኑ ግድግዳ ሲነካው ነው ልቡ የሚያርፈው፡፡ ውድ ነገር መግዛት የለባችሁም፤ የተደፋ የፕላስቲክ ሳህን ላይ በር ብትቀዱለት በቂ ነው፡፡

ሙቀቱ በአንደኛው በኩል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሌላው በኩል ከ25 እስከ 27 ቢሆን ጥሩ ነው፡፡ እጅ አስገብቶ «ሞቅ ይላል» ማለት ልኬት አይደለም፤ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፡፡ ከሥር የሚነጠፈው ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት ከተሰካ ሆዱን ሊያቃጥለው ይችላል፡፡ እርጥበቱ 60 ከመቶ አካባቢ ይሁን፡፡ እዚህ ሜሪላንድ ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያው አየሩን እንደ ቋንጣ ስለሚያደርቀው፣ እርጥበት ካነሰ ቆዳውን ሲጥል እየተቆራረጠ ላዩ ላይ ይቀርበታል፡፡ የሚጠጣው ውሃ አይለየው፡፡ ክዳኑ ደግሞ ይቆለፍ፡፡ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ያልፋልና «የት ሊሄድ ነው» አትበሉ፡፡ አርዌ አሁን ከሳሎን ወጥቶ ጸጥ ወዳለ ክፍል ገብቷል፡፡ አክስቴ እሱን ማየት ባትፈልግም በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ቴርሞሜትሩን ታነባለች፡፡ «ሠላሳ ሁለት» ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፡፡

አሁን «በሞቴ» ላይ ደረስን፡፡ አርዌ ከዚያ እሑድ በኋላ አልበላም፡፡ የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው መጣ፡፡ ቦል ፓይተን ምግብ በመተው የታወቀ ነው፤ ትልቁ ወራት ጾሞ ምንም ላይሆን ይችላል፡፡ 70 ግራም የማይሞላ ጨቅላ ግን ምን ስንቅ አለው? ቤቱ ተጨነቀ፡፡ ልጁ በየማታው አይጧን እያወዛወዘ ያቀርባል፤ እሱ ራሱን ይመልሳል፤ ነገም እንዲሁ፡፡ እዚህ ላይ ነው የእኛ ደግነት የሚገድለው፡፡ እያንዳንዱ «እባክህ ብላ» ለእሱ አዲስ ድንጋጤ ነው፡፡ የሚሻለው አምስት ስድስት ቀን ጭራሽ አለማቅረብ፣ ሣጥኑን በጨርቅ መሸፈን፣ ሙቀቱን ደግሞ መለካት ነው፡፡ ከዚያ ምሽት ላይ፣ መብራት ተቀንሶ፣ የሰውነቱን ወፍራም ቦታ የሚያህል፣ በረዶው ተፈትቶ በሙቅ ውሃ የሞቀ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ይቀርብለታል፡፡ የቀዘቀዘ ምግብ አይሆንለትም፤ አፉ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች ሙቀት እየለየ ነው የሚያድነው፡፡ በሕይወት ያለ አይጥ ደግሞ አትስጡት፤ አይጥ ይነክሳል፤ የሚበላው ይበላዋል፡፡ እንዲህ ሆኖም ካልበላና ሚዛኑ በየሳምንቱ እየቀነሰ ከሄደ እባብ የሚያክም ሐኪም ዘንድ ነው፡፡ አርዌ በ19ኛው ቀን በላ፡፡ ልጁ እኩለ ሌሊት ደውሎ ቀሰቀሰኝ፡፡ ከኋላው የሰማሁት እልልታ የአክስቴ ነበር መሰለኝ፤ እሷ ግን ትክዳለች፡፡

(በነገራችን ላይ፣ አይጡ ከሥጋውና ከበርበሬው ጋር አንድ ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጥም፡፡ ማቀዝቀዝ ሳልሞኔላን አይገድልም፡፡ እባቡም ራሱ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ስለሚችል ከነካችሁት በኋላ በሳሙና ታጠቡ፡፡ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይነኩት ይመክራል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ እኔ እንዲያውም ባይገባ እላለሁ፡፡)

ሁለት ሦስቴ ከበላ በኋላ መያዝ ይቻላል፡፡ እንዴት? ከላይ ሳይሆን ከጎን ቅረቡት፡፡ መደበቂያውን አንሥታችሁ ለስለስ ባለ ነገር፣ በተጠቀለለ ወረቀት ቢሆን፣ ገላውን ነካ አድርጉት፤ «ምግብ አልመጣም» ማለት ነው፡፡ ቀድማችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ አይጥ አይጥ የሚሸት ጣት ይነከሳል፡፡ ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፋችሁ አንሡት፤ አንገቱን አትያዙ፤ እሱ በእናንተ ላይ ይሂድ እንጂ እናንተ እሱን አትጎትቱ፡፡ አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን ብዙ ነው፡፡ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ከሳበ ሊነክስ ነው፤ ኳስ ከሆነ ፈርቷል፤ ሁለቱም «ይበቃኛል» ነው፡፡ ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካም፤ ያስመልሰዋል፡፡ ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ከመሰለ ቆዳውን ሊጥል ነው፤ ያን ጊዜም ተዉት፡፡ ከነከሰ ደግሞ እጃችሁን አትመንጭቁ፤ ጥርሱ ወደ ኋላ የቆለመመ ስለሆነ ለሁለታችሁም ጉዳት ነው፡፡ መርዝ የለውም፡፡

«ይወደኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፡፡ አይወድህም፡፡ ቢበዛ እንደማትበላው ይረዳል፡፡ ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍቅር ከፈለጋችሁ ግን ውሻ አለ፡፡ ቤኒን ውስጥ በዊዳ ከተማ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ፤ እዚህ በጎማ ጫማ ሣጥን ሂሳብ የሚሸጠው ይሄው እባብ እዚያ የተቀደሰ ነው፡፡ ከዚያው ከቤኒን፣ ከቶጎና ከጋና በሚሊዮን የሚቆጠሩት ባሕር ተሻግረው ተሽጠዋል፡፡ ስለዚህ ስትገዙ የት እንደተፈለፈለ ጠይቁ፤ በአሳዳጊ ቤት የተፈለፈለውን ምረጡ፡፡

ሌላው የዕድሜው ነገር ነው፡፡ በደንብ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል፡፡ የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1961 የተቀበላት አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ጥላለች፤ ያኔ ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ተገምቷል፡፡ «ሲሰለቸኝ ጫካ እለቀዋለሁ» የሚል ካለ ወደ ፍሎሪዳ ይመልከት፡፡ ኤቨርግሌድስ ላይ ከሰው ቤት የወጡ የበርማ ዘንዶዎች ተራብተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት መሠረት የራኩን ቁጥር በ99 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፡፡ ቦል ፓይተኑ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ ቢለቀቅ የመጀመሪያውን ውርጭ አያልፍም፡፡

የአክስቴ ልጅ በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ማደሪያው እባብ አይቀበልም፡፡ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ተሰብስበን ተነጋገርን፡፡ ሣጥኑ አክስቴ ቤት ይቆያል፤ እሷ ሙቀቱን ታነባለች፤ ውሃና ሚዛን የልጁ ታናሽ እህት ናት፡፡ ቅዳሜ ቅዳሜ አይጥ የማሞቀው እኔ ነኝ፡፡ የታክሲ እንዲታሰብልኝ ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው፡፡