የመስተዋቱ መጽሐፍ ባለቤት ማን ነው?

ከከተማችን የተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ፤ የብራናና የወረቀት ዘመን አለፈ፤ ሺህ መጽሐፍ በአንድ መዳፍ የሚይዝ መስተዋት መጥቷልና የደብሩን መጻሕፍት ሁሉ ወደ እርሱ እናግባ፤ ይላሉ። ስሙን ገና ሲሰሙ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው የሚሸሹም አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋራ አልስማማም።

የሚሸሹትን በጥቂት ቃል ልለፋቸው። ነገሩ ብልኀት እንጂ ምትሐት አይደለም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ1997 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢ ኢንክ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ገጽ በዓይን በማይለዩ ጥቃቅን ከረጢቶች የተመላ ነው። በየከረጢቱ ነጭና ጥቁር ብናኝ አለ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ሲስብ ፊደሉ ይታያል፤ ኃይሉም ቢቋረጥ አይጠፋም። አሁን ደግሞ የሚተጣጠፍና የሚጠቀለል ገጽ ይሠራሉ። ብራና ጠቅልሎ ለኖረ ሕዝብ ይኸ ምን ያስደንቃል?

ክርክሬ ከፊተኞቹ ጋራ ነው። አማዞን የሚባለው ኩባንያ በ2007 ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ አወጣ። በሐምሌ 2009 ግን ጆርጅ ኦርዌል የጻፋቸውን ሁለት መጻሕፍት፤ መብት የሌለው ሰው ያቀረባቸው ናቸው ብሎ፤ ገንዘብ ከፍለው ከገዙት ሰዎች እጅ ሳያስፈቅድ ፋቃቸው። ገንዘቡን መለሰ፤ አለቃውም ይቅርታ ጠየቀ። ዳሩ ግን በኅዳጉ ማስታወሻ ሲጽፍ የከረመ አንድ ተማሪ ነበረ፤ መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻው ረዳት አጥቶ ብቻውን ቀረ። ትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው ይኸ ምን ያህል ጕዳት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ንባቡ ከሌለ አንድምታው በምን ላይ ይቆማል? በ2019ም ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ የሸጣቸው መጻሕፍት ሁሉ አብረው ተዘጉ፤ እርሱም ገንዘብ መለሰ።

አባቶቻችን በመጽሐፋቸው መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዙ ነበር። ያ ውግዘት የተጻፈው ለሌባ ነው። ፋቂው ራሱ ሻጩ ሲሆን ማንን እናወግዛለን?

ገዝተነው የለምን? የሚለኝ ሰው ውሉን ያንብብ፤ እንዲያነብበው ተፈቀደለት እንጂ አልተሸጠለትም። የካሊፎርኒያ ግዛት እንኳ ከ2025 መባቻ ጀምሮ፤ ሻጮች የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ሳይገልጹ ‹‹ግዙ›› እንዳይሉ በሕግ ከልክሏል። ሕግ ያስፈለገው ሕዝቡ ባለቤት የሆነ ስለ መሰለው ነው።

መጻሕፍትን በፎቶግራፍ ማንሣትን አልነቅፍም። ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣታቸው የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ቅጂው በደብሩ እጅ ይኑር፤ ያለ ማንም ኩባንያ ቍልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ብራናውም ከዕቃ ቤት አይውጣ። መስተዋቱ ይበቃል የሚሉን ሰዎች አስቀድመው ይኸን ይመልሱልን፤ ኩባንያው በሩን በዘጋ ማግሥት ቄሰ ገበዙ የደብሩን መጽሐፍ ከማን ዘንድ ይጠይቃል?