የሊቃውንቱ ጥናት ከበርሜላችን አፍ ይድረስ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ስለ እሳት ይሁን እንጂ ስለ በሽታም የሚሠራ ነው። በሽታ ሲጀምር በትንሽ ትጋት ሊገታ ይቻላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሕይወት ይጠይቃል። በዚህ ወር ለክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ለመምህራንና ለከተማችን ነዋሪዎች የምናቀርበው ጉዳይ በቅጠል የሚጠፋበት ጊዜ ገና ያላለፈ ስለሆነ፥ በጥሞና እንዲነበብልን እንለምናለን። (የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለገሃር የሚለው ስም የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። የቀድሞው ባቡር ወደ ለገሃር መምጣቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አዲሱም ባቡር መድረሻው ከከተማው ዳር ነው። ይሁን እንጂ ለገሃር ያስተማረን ትምህርት ዛሬም አላረጀም። ይኸውም፥ መንገድ ሲከፈት የሚገባው የተጠራው እንግዳ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፥ ብረታ ብረቱና ደብዳቤው በሚመጣበት መንገድ ያልተጠራውም ይመጣል።

በዘመናችን ያልተጠራው እንግዳ የመጣው በትንኝ መልክ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ጥንተ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነበር። በ2012 በጅቡቲ ተገኘች። በዚያ ዓመት በጅቡቲ አገር የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር 27 ብቻ ሲሆን፥ በ2020 ግን ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ጭማሪ ትንኟ ብቻዋን ምክንያት ናት ማለት ባይቻልም፥ ትልቁን ድርሻ የያዘችው እርሷ እንደሆነች ሊቃውንት ያምናሉ። በ2016 በአገራችን በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ተገኘች፤ የዘሯ ምርመራም ከፓኪስታን ወገኗ ጋር የምትቀራረብ መሆኗን አሳየ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ፍለጋ በድሬዳዋ፥ በጅግጅጋ፥ በሰመራ፥ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሌሎችም ከተሞች ታይታለች። ካርታ ዘርግቶ እነዚህን ስሞች የሚፈልግ መምህር ድሬዳዋ፥ ሰመራና አዋሽ ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር በሚመጣው መንገድ ላይ መሆናቸውን ወዲያውኑ ያስተውላል።

በድሬዳዋ የሆነውን ነገር በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ2019 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ደረቅ ወሮች 205 የነበረው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር፥ በ2022 በነዚያው ወሮች 2,425 ደረሰ። በ1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር የተመሠረተውና ዛሬ የብዙ በሽታዎች ጥናት የሚካሄድበት የአዲስ አበባው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ነገሩን በየቤቱ እየዞሩ መረመሩ። በ2023 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያስረዳው፥ ሕመሙ በበረታበት ስፍራ በዝታ የተገኘችው ይህችው እንግዳ ትንኝ ነበረች፤ እጯ ያለበት ውኃ በቅርቡ የሚገኝ ቤተ ሰብም ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ፥ መድኃኒትን የመቋቋም ምልክት ያለባቸውና ከተለመደው ፈጣን የደም መመርመሪያ ሊሰወሩ የሚችሉ የወባ ተሕዋስያን በዚያ ወረርሽኝ ውስጥ ታይተዋል።

እዚህ ላይ የትንኟን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። እኛ የለመድናት የአገራችን የወባ ትንኝ የገጠር ሰው ናት ለማለት ይቻላል፤ ክረምቱ ሲወጣ በኩሬና በውኃ በተሞላ የከብት ኮቴ ውስጥ ትራባለች፤ ኩሬው ሲደርቅም ትቀንሳለች። ይህችኛዋ ግን ከተሜ ናት። የምትፈልገው ለቤት ሥራ በበርሜል የተጠራቀመውን፥ ለሕንፃ ሥራ በጉድጓድ የታቆረውን፥ ክዳኑ በተሰበረ ሮቶ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ውኃ ነው። ሰው ውኃ የሚያጠራቅመው በበጋም ስለሆነ እርሷም በጋ አይበግራትም። ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ አገር ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ፍንጭ ካገኘ ወዲህ፥ «ወባ የቆላና የረግረግ በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በልባችን ሥር ሰዶ ኖሯል። ይህን አስተሳሰብ የሚያናጋ ትንኝ እነሆ መጥታለች።

«አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ወባን ምን ታደርገዋለች?» የሚል አንባቢ እንደማይታጣ እናውቃለን። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ በብርድ አየር የወባው ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመጨረስ ይሳነዋል። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ እናስታውስ። በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ሳይቀር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደው የደጋ ሰው ሰውነቱ መቋቋሚያ አልነበረውምና ጉዳቱ የከፋ ሆነ። ከለገሃር በባቡሩ መስመር ጥቂት ወረድ ብሎ በሚገኘው በደብረ ዘይት አካባቢ የ1993ን እስከ 2005 ያለውን የሕመምተኛ መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንትም፥ ሙቀቱ ከፍ ባለባቸው ዓመቶች ወባ ወደ ከፍተኛው ምድር እንደሚወጣ በ2014 ባሳተሙት ጥናት አስታውቀዋል። ስለዚህ ከፍታ አጥር ነው እንጂ ግንብ አይደለም፤ የአየሩ ጠባይ በተለወጠ መጠን አጥሩ ዝቅ ይላል። በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት መመዝገቡ፥ ነገሩ የትናንት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል።

የእርሻውም ጥበብ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ይህች ትንኝ ከሰው ደም ሌላ የከብትና የፍየል ደም እንደምትመገብ፥ በከብት በረት ውስጥም እንደምታርፍ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በቤት ግድግዳና በአጎበር የምንተማመንባቸውን ብዙዎቹን የፀረ ትንኝ መድኃኒቶች የምትቋቋም ሆናም ተገኝታለች። በማሳ ላይ ያለ መጠን የሚረጨው ፀረ ተባይ ትንኞች መድኃኒትን እንዲለማመዱ የሚረዳ መሆኑን ስናስብ፥ የገበሬው መርጫና የሐኪሙ መርፌ የማይተዋወቁ ዕቃዎች እንዳልሆኑ እንረዳለን። ሐኪሙ በሽተኛውን፥ የሥነ ሕይወት ሊቁ ትንኟን፥ የእርሻ ባለሙያው ከብቱንና ፀረ ተባዩን፥ የአየር ጠባይ አጥኚውም ሙቀቱን ለየብቻ ሲመረምሩ ቆይተው፥ አሁን ሁሉም በአንድ ክዳን በሌለው በርሜል አፍ ላይ ተገናኝተዋል።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። እነዚህ ጥናቶች በባዕድ ቋንቋ ታትመው በሊቃውንት መጽሔት ውስጥ ብቻ ቢቀሩ ትንኟን አንዲት ቀን እንኳ አያዘገዩአትም። ፍሬያቸው የሚታወቀው በለገሃር፥ በቂርቆስና በካዛንቺስ ያለችው የቤት እመቤት በርሜሏን ስትከድን ነው። ለዚህም ከሁሉ አስቀድመን ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። ለብዙ ዓመታት «ረግረግ አድርቁ፥ የቆሸሸ ውኃ ድፉ» እያልን አስተምረናል። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የተቀዳው ንጹሕ ውኃም የትንኝ መራቢያ ሊሆን እንደሚችል በበቂ ሁኔታ አላስረዳንም። ሕዝቡም ንጹሕ የመሰለውን ውኃ ሳይጠራጠር ቢተወው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

«ውኃ በፈረቃ እየመጣ በርሜል ባንሞላ ምን ልንጠጣ ነው?» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም ሰው ቤቱን በበርሜልና በጀሪካን የሚያጣብበው ወዶ አይደለም። ስለዚህ ውኃ አታጠራቅሙ የሚል ምክር ከእኛ አይወጣም፤ ከድናችሁ አጠራቅሙ እንላለን። እግረ መንገዳችንንም፥ ቧንቧው ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረግ ራሱ የወባ መከላከያ ሥራ እንደሆነ ውኃ ለማዳረስ ኃላፊነት ያለባቸው ሁሉ እንዲያስቡበት እናሳስባለን። ሕንፃ የሚያሠሩና የሚሠሩ ሰዎችም፥ ለሲሚንቶ ማቡኪያና ለግድግዳ ማጠጫ ያቆሩትን ውኃ ሥራው ሲያልቅ እንዲያደርቁ፥ ሥራው እስኪያልቅም እንዲሸፍኑ ይገባል። በጎረቤት በር ላይ ክፍት ጉድጓድ ትቶ መሄድ የጎረቤትን ልጅ ለሕመም አሳልፎ ከመስጠት አይለይም።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው ነገር ቀላል ነው። የበርሜሉና የሮቶው ክዳን ክፍተት የሌለው ይሁን። ክዳን ከሌለ ያረጀ ነጠላ ወይም ሻሽ በደንብ ተወጥሮ በአፉ ላይ በገመድ ይታሰር። በሞቃት ጊዜ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሆነ፥ ትንንሾቹ ዕቃዎች በየሳምንቱ ተደፍተው ውስጣቸው ይታጠብ። በግቢ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውኃ እንዳይቋጥር ይወገድ። ሊደፋ የማይቻል ትልቅ ማጠራቀሚያ ሲኖር፥ የትንኝ እጭን ብቻ ለይቶ የሚገድለውን፥ በ1976 የተገኘውን ረቂቅ ባክቴሪያ ባለሙያ ይጨምርበት ዘንድ ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ይቻላል። በአሰብ ወደብም በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የአገሩን ትንሽ ዓሣ በመልቀቅ እጩን መቀነስ እንደተቻለ በ1992 የታተመ ጥናት ይመሰክራል። ለዚህ ሁሉ ድካም ሌላም ዋጋ አለው፤ በ2013 የደንጊ፥ በ2019 የቺኩንጉንያ ትኩሳት በድሬዳዋ ሲነሡ በሽታውን ያሰራጨችው ሌላይቱ ትንኝ የምትራባውም በእነዚሁ ዕቃዎች ነው። አንድ ክዳን ሁለት ጠላት ይከለክላል።

ለመምህራን ደግሞ የተለየ አደራ አለን። ከትምህርት ቤቱ ማጠራቀሚያ በጭልፋ ውኃ ቀድታችሁ በነጭ ሳሕን ላይ አድርጋችሁ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። የአኖፊለስ እጭ በውኃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን ከውኃው ፊት ወደ ታች አዘንብሎ ይንጠለጠላል። አኖፊለስ ሁሉ ስቴፈንሲ ስላልሆነ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ሆኖም ጋደም ያለ እጭ ያየ ተማሪ ለመምህሩ፥ መምህሩም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው ቢናገር፥ ሊቃውንቱ የሚመረምሩት ነገር በጊዜው ይደርሳቸዋል። ይህን የተማረ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእናቱን በርሜል እንደሚሆን አንጠራጠርም።

ምርምር የሚጀመረው በትልቅ መሣሪያ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስታውስ። በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ከዚያ ማስተዋል ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል የአገር ቤት መድኃኒት ጥናት ተወለደ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ መነሻው ብዙ ሰው እያየው ያልፈው በነበረው የልብስ ማጠቢያ ወንዝ ላይ ነበር።

እኛም ብንሆን በየቀኑ በበርሜላችን አጠገብ እናልፋለን። በዚህ ቅዳሜና እሑድ እያንዳንዱ አንባቢ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ ክዳኑንም ያስተካክል። ጎረቤቱም አቅመ ደካማ ከሆነ የእርሱን ይክደንለት። ወደ መሐል አገር የሚመጣውን መንገድ ልንዘጋ አንችልም፤ እንድንዘጋውም አንፈልግም። ያልተጠራው እንግዳ ሲደርስ ግን ማደሪያ እንዳያገኝ ማድረግ በእጃችን ነው።