መርከብ ወደብ ሲደርስ፤ በቡድን መውረድ ወይስ በገዛ ፈቃድ መዞር?

አገር ማየት ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣል። ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ተላላፊ በሽታ በዓለም ላይ በተነሣ ጊዜ አገር ለማየት የሚወጣ ሰው ከራሱ ደስታ ሌላ ሊያስብለት የሚገባ ነገር አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄም ይኸው ነው። የመዝናኛ መርከብ በወረርሽኝ ዘመን ከወደብ ሲቆም መንገደኛው የመርከቡ ኩባንያ ባዘጋጀው ጉብኝት፥ ከአስጎብኚ ጋራ፥ በቡድን ይውረድ ወይስ እንደ ፈቃዱ ብቻውን ወጥቶ ከተማውን ይዙር?

አንዳንድ አንባቢ፥ «የባሕር በር የሌላት አገር ተማሪ ስለ መርከብ ምን አገባው?» ይል ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ጥያቄው የመርከብ ብቻ አይደለም፤ የእንግዳና የባለቤት ጥያቄ ነው። እኛም እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን። ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም፥ ወደ ጎንደርና ወደ ሐረር የሚመጣው ጎብኚ በመርከብ ባይመጣም፥ በእንግድነት የገባ ሰው ለባለቤቱ ያለበት ግዴታ በየብስም ሆነ በባሕር አንድ ነው። ደግሞም ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የሚመሩት የዓለም የጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 የኮሮናን በሽታ የዓለም ወረርሽኝ ብሎ ሲሰይመው፥ ነገሩ የማይመለከተው አገር አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀኖቹን የማመለክተው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ሁለቱ የአወራረድ ዓይነቶች እንዴት እንደሆኑ መረዳት ይገባል። የመዝናኛ መርከብ ማለት በውኃ ላይ የሚሄድ ትልቅ ሆቴል ነው። ከወደብ ወደ ወደብ ይዞራል፤ በየወደቡም የሚቆየው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ኩባንያው በመርከቡ ላይ የጉብኝት ቲኬት ይሸጣል። ቲኬቱን የገዛ መንገደኛ በአውቶቡስ ሄዶ፥ አስጎብኚ ተሰጥቶት፥ የተወሰነለትን ሥፍራ አይቶ ይመለሳል፤ አውቶቡሱ በመንገድ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በገዛ ፈቃዱ የወጣው ግን ታክሲ ይከራያል፥ በእግሩ ይዞራል፥ ከገበያ ይገዛል፥ የሰፈሩ ሰው ከሚበላበት ምግብ ቤት ይበላል። ወጪው ብዙ ጊዜ ያንስለታል፤ ሰዓቱ ካለፈበት ግን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል።

በደኅና ጊዜ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፥ ከተማን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ያየ ሰው ብዙ ያየ ይመስለዋል እንጂ፥ የሕዝቡን ኑሮ አላየም። ከባለ ሱቁ ጋራ ዋጋ የተከራከረ፥ መንገድ ጠፍቶት ልጆች የመሩት እርሱ ከአገሩ ጋራ በእውነት ተዋውቋል። የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ብቻውን የወጣ መንገደኛ የሚከፍለው ገንዘብ በቀጥታ ከታክሲ ነጂውና ከምግብ ቤቱ ባለቤት እጅ ይገባል፤ በመርከቡ ላይ ከተሸጠው ቲኬት ግን ኩባንያው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ያነሣል።

ወረርሽኝ ግን የደኅና ጊዜ አይደለም። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለውን መርከብ እንመልከት። ይህ መርከብ ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ከጃፓን ከዮኮሐማ ተነሣ። ከመንገደኞቹ አንዱ ጃንዋሪ 25 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ፤ በሽታው እንዳለበት የታወቀው ግን ፌብሩዋሪ 1 ቀን ነበር። በዚህ መካከል መርከቡ ወደ ቬትናም፥ ወደ ታይዋንና ወደ ኦኪናዋ እየደረሰ መንገደኞቹን ያወርድና መልሶ ያሳፍር ነበር። ወደ ዮኮሐማ በተመለሰ ጊዜ የጃፓን መንግሥት ሰዎቹ ከመርከቡ ሳይወጡ ተለይተው እንዲቆዩ አዘዘ። ከ3,711 መንገደኞችና ሠራተኞች መካከል 712ቱ በበሽታው ተይዘው ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለጉዳዬ ይበልጥ የሚጠቅመኝ በታይዋን የሆነው ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን መርከቡ ኪሉንግ ከምትባለው ወደብ ቆሞ፥ ወደ 3,000 የሚጠጉ መንገደኞች ለአንድ ቀን ወርደው ነበር። የበሽታው ነገር በተሰማ ጊዜ የታይዋን ባለሥልጣኖች እነዚህ ሰዎች በዚያች ቀን የት የት እንደ ረገጡ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የአውቶቡሶቹን ጉዞ መዝገብ፥ ሰዎቹ ዕቃ የገዙባቸውን የባንክ ካርዶች፥ በየመንገዱ የተተከሉትን ካሜራዎች፥ የመኪኖችን ሰሌዳና የተንቀሳቃሽ ስልኮችን ምልክት ሁሉ መረመሩ። በመጨረሻም ከመንገደኞቹ ጋራ በአንድ ሥፍራ ተገኝተው ይሆናል የተባሉ 627,386 ሰዎችን ለይተው በስልካቸው የማስጠንቀቂያ መልእክት ላኩላቸው። እንግዲህ አስቡት! የ3,000 እንግዶች የአንድ ቀን ሽርሽር ከ600,000 በላይ የሆነ ሕዝብን ነካ። በአውቶቡስ የሄደውን ሰው ፈለግ ለማግኘት የአውቶቡሱ መዝገብ ይበቃል፤ በእግሩና በታክሲ የተበተነውን ለማግኘት ግን የከተማውን ሁሉ ካሜራና ስልክ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ የሚያነሣው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ከነዚያ ሰዎች መካከል የተመረመሩት 67ቱ ሁሉ ከበሽታው ነፃ ሆነው ተገኝተዋል። «ታዲያ መንገደኞቹ እንደ ልባቸው መዞራቸው ምን ጉዳት አመጣ?» ቢባል፥ በኪሉንግ ምንም ጉዳት አልታየም። ነገር ግን ያ በጎ ዕድል ነው እንጂ ጥሩ ሥርዓት አይደለም። ማርች 19 ቀን 2020 ሩቢ ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ወደ 2,700 የሚሆኑ መንገደኞችን ሲያወርድ፥ የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ሁሉም ወደየፊናው ሄደ። ከዚያ መርከብ ጋራ በተያያዘው በሽታ 28 ሰዎች ሞቱ። መንገደኛው ሲወርድ የሚጠብቀው ኪሉንግ ይሁን ወይም ሲድኒ አስቀድሞ አያውቅም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከዚህ የተነሣ በ2020 ዓመተ ምሕረት ክረምት አዲስ ሥርዓት ወጣ። ኤም ኤስ ሲ ግራንዲዮሳ የተባለው መርከብ ኦገስት 16 ቀን ከጄኖቫ ሲነሣ፥ መንገደኛው ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት ተመርምሮ ነበር፤ በየወደቡም መውረድ የተፈቀደው ኩባንያው ባዘጋጀው ጉብኝት ብቻ ነበር። መርከቡ ናፖሊ በደረሰ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ከቡድኑ ተለይቶ በራሱ ፈቃድ ዞረ። በተመለሰም ጊዜ ወደ መርከቡ እንዳይሳፈር ተከለከለ። ይህ ነገር በጋዜጦች ብዙ አነጋግሯል። አንዳንዱ ጭካኔ ነው አለ። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ደንቡን ሰው ሁሉ አውቆት ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ቢጥሰው አደጋው የሚደርሰው በመርከቡ ላይ በቀሩት ሁሉና መርከቡ ከዚያ በኋላ በሚደርስባቸው ከተሞች ነው። የአንድ ሰው ነፃነት የብዙ ሰው ጤና ዕዳ ሲሆን ነፃነት መባሉ ይቀራል።

ሆኖም ነገሩን በዚህ ብቻ ብጨርሰው ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? ቲኬቱንስ የሚሸጠው ማን ነው? ሁለቱም አንድ ኩባንያ ሲሆን፥ ዳኛውና ነጋዴው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። መንገደኛው ከመርከብ ለመውረድ ሌላ መንገድ ከሌለው፥ የቲኬቱ ዋጋ የፈለገውን ያህል ቢወጣ እምቢ ለማለት አይችልም። በወደቡ የሚኖረው ታክሲ ነጂና ትንሽ ነጋዴ ደግሞ መርከቡ ቆሞ እያየ፥ መንገደኛው በአውቶቡስ መስኮት እያየው ያልፋል። ከማርች 14 ቀን 2020 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት መርከቦች መንገደኛ ጭነው እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበርና፥ በመርከብ እንግዳ የሚተዳደሩ የወደብ ከተሞች ብዙ ወራት ያለ ገቢ ቆይተዋል። መርከቡ ሲመለስ ትርፉ ሁሉ ለኩባንያው፥ ፍርሃቱ ግን ለነርሱ ቢሆን ፍርድ አይደለም።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በ1377 ራጉሳ የምትባለው የአድርያቲክ ባሕር የንግድ ከተማ፥ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምንላት፥ ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሕግ አወጣች። ኋላም ቀኑ ወደ 40 ከፍ ስላለ፥ ኢጣልያኖች አርባ ለሚሉት ቃል ኳራንታ ስለሚሉ፥ ኳራንቲን የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። ልብ ማለት የሚገባን ሕጉን ያወጣችው ከተማዋ መሆኗን ነው። ራጉሳ በንግድ የምትኖር ከተማ ስትሆን በሯን ፈጽማ አልዘጋችም፤ የሚገባበትን ሥርዓት ግን ለመርከብ ባለቤቶች አልተወችም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወረርሽኝ ባለበትና መድኃኒቱ ባልታወቀበት ጊዜ መንገደኛው በቡድን ይውረድ። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፥ ደንቡን የወደቡ አገር የጤና ባለሥልጣን ያውጣው እንጂ ቲኬት ሻጩ አያውጣው። ሁለተኛ፥ ሌላ ምርጫ የሌለው መንገደኛ የሚከፍለው ዋጋ በልክ ይሁን፤ አስጎብኚው፥ ነጂውና ምግብ አቅራቢውም የዚያው ከተማ ሰዎች ይሁኑ፤ ተመርምረውና ተጠብቀው ይሥሩ። ሦስተኛ፥ ደንቡ የሚያበቃበት ምክንያት አስቀድሞ ይነገር። በ2021 ክትባት በተስፋፋ ጊዜ አንዳንድ ኩባንያዎች የተከተበውን መንገደኛ ብቻውን እንዲዞር ፈቅደው፥ ያልተከተበውን በቡድን ብቻ ያወርዱ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ክልከላው ከአደጋው ጋራ አብሮ እንደሚቀንስ ያሳያል። አደጋው ካለፈ በኋላ የሚቀር ክልከላ ግን ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል።

ሜይ 5 ቀን 2023 የዓለም የጤና ድርጅት የአስቸኳዩን ጊዜ ማብቃት አስታወቀ፤ መርከቦቹም እንደ ቀድሞው ይዞራሉ፥ መንገደኛውም እንደ ፈቃዱ ይወርዳል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ስለዚህ ደንቡ ሰው በተረጋጋበት በዛሬው ጊዜ ቢሰናዳ ይሻላል፤ በጭንቀት ቀን የሚወጣ ደንብ ወይ ሁሉን ይዘጋል፥ ወይ ሁሉን ይለቃል።

ከኛ መካከል ነገ አስጎብኚ፥ ሐኪም፥ የሆቴል ባለቤት ወይም የመንግሥት ሹም የሚሆን አለ። አንዳንዱም መንገደኛ ሆኖ የሰው አገር ያያል። ለመንገደኛው የምለው፥ የምትጎበኘው ከተማ ሰዎች የሚኖሩባት ቤት መሆኗን አትርሳ ነው። ለባለቤቱ ደግሞ የምለው፥ እንግዳህን በክብር ተቀበል፥ የበርህን ቁልፍ ግን ለሌላ ሰው አትስጥ ነው።