ርዕሰ አንቀጽ፦ ዶሮው ለሁሉም፣ መሪው ላልጠጣ



አናንዴላችን በኮሪያ ምግብ ቤቶች የታወቀች ናት። ቅዳሜ ማታ ጫጫታና ሳቅ የሚደምቅባቸው ደግሞ የጥብስ ዶሮ ቤቶቹ ናቸው። ዶሮው ሁለት ጊዜ በዘይት ይጠበሳል፤ በመጀመሪያው ይበስላል፣ በሁለተኛው እርጥበቱ ይወጣና ቆዳው እንደ ቆሎ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ከቢራ ጋር ሲቀርብ ኮሪያውያን «ቺሜክ» ይሉታል። ሁሉም ካንድ ሳህን ያነሳል፤ ታናሽ ለታላቅ በሁለት እጁ ይቀዳል። ታዲያ ይህ ከኛው ገበታ በምን ይለያል? ወጥተን አብረን መብላታችንን እንደግፋለን፤ በየቤት ተዘግቶ ከመዋል ይሻላል።

የሚያሳስበን መመለሻው ነው። አንዳንዱ ቢራውን ጠጥቶ «ቤቴ እኮ ቅርብ ነው» ይልና መሪ ይጨብጣል። ቅርብ መሆኑ ማንን ያድናል? በዚያው መንገድ የሚሻገሩት ከማታ ሥራ የሚመለሱ እናቶችና የኛው ልጆች ናቸው። በቨርጂንያ ሕግ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ ማሽከርከር ወንጀል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበትም ቢያንስ 250 ዶላር ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱን ለ1 ዓመት ያጣል። በታክሲ ለሚተዳደር ወገናችን ይህ እንጀራው ተቋረጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የማይጠጣ ሹፌር ምረጡ፤ የሱን ሒሳብ እናንተ ክፈሉለት። ካልተገኘ ታክሲ ይጠራ። በር ላይ ስንሰነባበትም ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ፤ ጎረቤት ተኝቷል።

በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ!