ነርሲስ ናልባንዲያንና ከተማ የሚከፍለው ሙዚቃ

የኦርኬስትራ መሪውና አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1915 ዓይንታብ ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ዘመኑ በዚያ፣ በኦቶማን ቱርክ፣ የሚኖሩ አርመናውያን የሚታረዱበትና የሚሰደዱበት ነበር፤ ነርሲስም ያደጉት በሶርያዋ ሐለብ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን በር አስቀድመው የከፈቱት አጎታቸው ኬቮርክ ናቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን በማርሽ ባንድነት ሲመጡ፣ አስተማሪያቸው ሆነው አብረው የገቡት እርሳቸው ነበሩ። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም እስከ አብዮቱ የተዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማም የደረሱት ኬቮርክ ናቸው። “አርባ ልጆች” አዲስ አበባ የደረሱት በጅቡቲው ባቡር ነው።

ነርሲስ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድ መሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ኦርኬስትራውን ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ይዘውት ነበር፤ በኋላ ኃላፊነቱ ለነርሲስ ተላለፈ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል።

የኦርኬስትራ መሪን ሥራ እጅ ማወዛወዝ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ዛሬም አይጠፋም። በዚያ ዘመን መሪው ኖታ ያስተምራል፤ ለሳክስፎኑ፣ ለትራምፔቱ፣ ለትሮምቦኑ የየድርሻውን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መድረክ ላይ ቆሞ ምቱን የሚጠብቀው፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚጠቁመው። ቅንብሩ ራሱ ፈተና ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የአውሮፓ ኮርድ ዝም ብሎ ቢጫንባቸው ጠባያቸው ይጠፋል። ነርሲስ ቅኝቱን ሳይለቁ ለብዙ መሣሪያ አቀናብረው ማሳየታቸው፣ ከማንኛውም ሹመታቸው በላይ ሊነገርላቸው የሚገባ ነው። ሆኖም ዛሬ በአዳማ ምሽት ቤትም ሆነ በሬዲዮ የዚያ ዘመን ዘፈን ሲከፈት የሚጠራው ድምፃዊው ብቻ ነው። አቀናባሪውና መሪው ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

ሌላው የተዘነጋ ነገር የእነነርሲስን ደመወዝ ማን ይከፍል እንደነበር ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ማለትም ከተማው። ከተማ ለሙዚቀኛ የሚከፍልበት ሥርዓት በጀርመን የቆየ ወግ ነው፤ መካከለኛ ከተሞች ሳይቀሩ የራሳቸው ኦፔራ ቤትና ኦርኬስትራ አላቸው፤ መሪዎችም የሚወጡት ከዚያ ነው። የሙኒኩ ተወላጅ ቮልፍጋንግ ሳቫሊሽ እ.ኤ.አ. በ1947 አውግስቡርግ ኦፔራ ቤት ዘፋኞችን በፒያኖ ከማለማመድ ጀምሮ፣ በ1953 የአኸን ከተማ ሙዚቃ ዋና ኃላፊ ሆነ፤ የባቫሪያ መንግሥት ኦፔራንና የፊላዴልፊያን ኦርኬስትራ የመራው ከዚያ ወዲህ ነው። አኸን በሕዝብ ብዛት አዳማን አትበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ቆጠራ እንኳ አዳማ ከ220 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬማ እጅግ አድጋለች። አዳራሽና ሆቴል ሞልቷል፣ በየሳምንቱ ስብሰባ አለ፤ ማታ ግን መድረኩን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪቦርድ ነው። ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ቢያቋቁም ቅንጦት ነው የሚሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ በዚያ ድህነት፣ ማድረጉን ረስተዋል። የሚጫወተው ዜማም አይጠፋም፤ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ በኦሮምኛ ያዜመው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 አዳማ ውስጥ ያረፈው አሊ ቢራ የተወው ብቻ ለዓመታት ይበቃል።

ነርሲስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ሕይወቱን አጥፍቶት፣ ትልልቆቹ ባንዶችም እየተበተኑ ነበር። በኋላ ቅንብሮቻቸውን እንደገና የተጫወተው ኢይዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን ቡድን ነው። ኖታው አለ፤ ነፊዎችን ቀጥሮ፣ አስተምሮ፣ በየወሩ ደመወዝ የሚከፍል ከተማ ሁሉ ሊያሰማው ይችላል።