ፈረቃ ሲያልቅ የት ይኬዳል?

በመዝናኛ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ይቀናበታል። ዛሬ ባርሴሎና፣ ነገ ማርሴይ፣ ከነገ ወዲያ ጄኖቫ፤ ዓለምን በነፃ፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈለው የሚዞር ይመስለናል። እሱም ቢሆን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው መነጽሩን ሰክቶ ባሕር ዳር የተነሳውን ፎቶ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተደራራቢ አልጋ ተጋርቶ ስምንት ወር መክረሙን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ስለ ሥራው ጫና ብዙ ተብሏል። ከሥራ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን የሚያነሳ የለም። ሌላው ሠራተኛ ሰዓቱ ሲደርስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ታክሲ ይሰለፋል፣ ሰፈሩ ይገባል፣ አለቃውን ማማት ካማረው ድምፁን ሳይቀንስ ያማል። የመርከቡ አስተናጋጅ የሚሄደው ጥቂት ፎቅ ወደ ታች ነው። አለቃውም እዚያው ያድራል።

ታች፣ ከተሳፋሪው ዓይን ተሰውሮ መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ኮሪደር አለ። በብዙ መርከቦች ላይ ሠራተኛው «አይ ናይንቲ ፋይቭ» ይለዋል፤ ከማያሚ ተነስቶ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን በሚወጣው አውራ ጎዳና ስም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች መጨናነቁን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ብቻ 2,350 ያህል ሠራተኛ አለው። በእንዲህ ያለ ኮሪደር አንሶላ የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ሽንኩርትና ድንች የተቆለለበት ይከተላል፤ በመሃሉ ከመድረክ የወረደች ዳንሰኛ ከነኩሏ እየሮጠች ትሾልካለች። የሠራተኛው ምግብ ቤትም፣ የቢንጎ ማስታወቂያውም፣ ባሩም እዚያው አካባቢ ናቸው።

ባሩ ሞቅ የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እራት ያስተናገዱት የሚለቀቁት ያኔ ነዋ። መጠጡ፣ ላይ ያለው ተሳፋሪ ከሚከፍለው ጋር ሲነጻጸር፣ እጅግ ርካሽ ነው። ፊሊፒኖዎቹ ካራኦኬ ይይዛሉ፤ ኢንዶኔዥያውያኑ ኦገስት 17 ሲደርስ የነፃነት ቀናቸውን ያከብራሉ። ይህን አይቶ «እነዚህማ ይጨፍራሉ» የሚል አለ። ይጨፍሩ እንጂ! ሌላ የት ይሂዱ? ፎቁ ላይ ያለው መዋኛና ቡና ቤት በአብዛኛው ትከሻው ላይ የማዕረግ መስመር ላለው ነው። ያለ ሥራው ተሳፋሪ ክፍል ገብቶ የተገኘ ሠራተኛ ቀጣዩ ወደብ ላይ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። መጠጡም ልክ አለው፤ የደኅንነት ኃላፊነት ላለበት ባሕረኛ ዓለም አቀፉ ሕግ በደም ውስጥ ከ0.05 በመቶ በላይ አልኮል አይፈቅድም። በዚህ ቅሬታ የለኝም። እሳት ቢነሳ ሕዝቡን ወደ ጀልባ የሚመራው ያው አስተናጋጅ ነው።

ወዳጅነቱ ቶሎ ይጠናል፣ ቶሎ ይቆረጣል። የሁሉም ኮንትራት በአንድ ቀን ስለማያልቅ አንዱ በመጋቢት ሲወርድ ፍቅረኛው እስከ ነሐሴ ትቆያለች። ከዚያ ኩባንያው አንድ መርከብ ላይ ከመደባቸው እሰየው ነው።

ወደብ ላይስ? እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። አሥሩ ሰዓት ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ አንደኛው ከ6 ሰዓት እንዳያንስ እንጂ። ስድስቱ በእንቅልፍ ካለፉ፣ ከቀኑ የሚደርሰው እንግዲህ የተረፈችው ናት። ከእሷም ላይ የአደጋ ጊዜ ልምምድ፣ የመውጫ ሰልፍና ቀድሞ የመመለሻ ጊዜ ይቀነሳል፤ መርከቡን ለመጠበቅ ተራው የደረሰው ደግሞ ጭራሽ አይወርድም። የወረደው ከመርከቡ አጠገብ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ፈልጎ ይቀመጣል። ከፊቱ ባርሴሎና አለች፤ እሱ ግን ልጁን በስልክ የቤት ሥራ እያሠራ ነው። ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ስምምነቱ ተሻሽሎ፣ የሚቻል በሆነበት ሁሉ መርከቡ ላይ ኢንተርኔት እንዲቀርብ፣ ክፍያ ካለውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ያዛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የዕረፍት ቀንን ግን አይተካም።

ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ መውጣት የተፈቀደላቸው፣ እሑድ ዶራ በሚባለው ሰፈር ይገናኛሉ። ያች ቀን አሠሪ የማይሰማበት ወሬ የሚወራባት፣ የራስ ልብስ የሚለበስባት ናት። የመርከቡ ሠራተኛ እንዲህ ያለ እሑድ የለውም። ኮንትራቱ እስኪያልቅ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠራል። የሚያናድደው ደግሞ ያው ስምምነት መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት ነው ማለቱ ነው፤ ቀሪው በትርፍ ሰዓት ስም ይታለፋል። ለሺህ ተሳፋሪዎች በየደቂቃው ፕሮግራም የሚያወጣ ኩባንያ፣ ለአንድ አስተናጋጅ በወር አንድ ሙሉ ቀን የብስ ላይ ማመቻቸት አቃተኝ ቢል አላምነውም።

ለልደት ወይም ለሠርግ በክሩዝ ለመሄድ ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ አስተናጋጁን «ና ከእኛ ጋር አንድ ጠጣ» አትበሉት። ብላችሁት እምቢ ቢላችሁም ቅር አይበላችሁ፤ እንጀራው ነው። ይልቅ ስትወርዱ በሚሰጣችሁ የአስተያየት ቅጽ ላይ ስሙን ጻፉለት፣ አለቆቹ ያነቡታል። ኩባንያው «ምን ይሻሻል?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ ደግሞ «ለሠራተኞቻችሁ የዕረፍት ቀን ስጡ» በሉ።