ውሃ ሳታመጡ «ፊት አጥቡ» አትበሉን

ከ11 በመቶ ወደ 32 በመቶ። ዋግ ኽምራ ውስጥ በ20 የገጠር መንደሮች፣ ከዜሮ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ዓይን ላይ የተገኘው የትራኮማ ተህዋስ በሦስት ዓመት እንዲህ ነው ያሻቀበው። የተረሱ መንደሮች እንዳይመስሏችሁ። የውሃ ነጥብ የተሠራላቸው፣ ሳሙና የታደላቸው፣ በየቤቱ መታጠቢያ የተተከለላቸው፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና የተማሩላቸው፣ አስተማሪ ቤት ለቤት የዞረላቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ያልተደረገላቸው ሌሎቹ 20 መንደሮችስ? እነሱም ከ11 ተነሥተው 31 ደረሱ።

ጥናቱ ከጥቅምት 2008 እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. የተካሄደ ነው። ሰሎሞን አራጌና ባልደረቦቹ በ2014 ዓ.ም. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት አወጡት። 40 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ውሃውንና ትምህርቱን ወዲያው አገኘ፣ ግማሹ ተራውን እንዲጠብቅ ተደረገ። ከዚያ በፊት ሁሉም ለሰባት ዓመት በየዓመቱ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ሲውጡ የኖሩ ናቸው። ማጠቃለያው አጭር ነበር፦ ትራኮማ ክፉኛ በተስፋፋበት በዚህ አካባቢ ውሃውም፣ ሳሙናውም፣ ትምህርቱም ተደምረው በሦስት ዓመት ውስጥ በዓይን ተህዋሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጡም።

ለተመራማሪዎቹ እጅ እነሣለሁ። ያልሠራውን አልሠራም ብሎ መጻፍ በእኛ አገር ብርቅ ነው፤ የእኛ ሪፖርት ዘወትር «አበረታች ውጤት» ነው፣ «በቀሪዎቹ ወራት ይጠናከራል» ነው። እነሱ ግን የደከሙበትን ሥራ ሚዛን ላይ አስቀምጠው አላነሣም ሲል አላነሣም አሉ። የእኔ ጠብ ከእነሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ይህን ቁጥር እንደ ፈቃድ ወረቀት ከሚያነቡት ጋር ነው።

ንባቡ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ያንገበግባሉ። አንደኛው «ውሃ ለትራኮማ እንደማይጠቅም ተረጋገጠ» የሚል ነው፤ በጀት መቁረጥ ላማረው ሰው የተመቸ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው ደግሞ «ውሃ ቢሰጣቸውም ልማዳቸውን አይለውጡም» የሚል ነው። ይህኛው የባሰ ነው፤ ጥፋቱን አንሥቶ እናት ጀርባ ላይ ይጭናልና። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ ጀሪካን አለ።

አንድ ስብሰባ ላይ፣ የትና የማን እንደሆነ ይቅር፣ ከከተማ የመጣ ባለሙያ እናቶችን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ «የልጅ ፊት ለማጠብ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል፤ ስንፍና ነው እንጂ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮለታል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ እስቲ እሱን የያዝከውን ስጠኝና አጥቤ ላሳይህ» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ወዲያው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ተሻገረ።

እዚያው ዋግ ያለችውን የፃግብጂን መሬት የሚያውቅ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ውሃው ታች ነው፣ ቤቱ ላይ ነው። ቁልቁል የሚወረደው በባዶ ጀሪካን፣ ሽቅብ የሚወጣው በሙሉ ነው፤ ፈጣሪ ገልብጦ ቢሠራው ምን ነበረበት ያሰኛል። በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ እናት የወንዙን አሸዋ ጭራ፣ የጎሸው እስኪጠራ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቤት ስትደርስ ያ 20 ሊትር ይከፋፈላል፤ ይኸ ለሊጥ፣ ይኸ ለወጥ፣ ይኸ ለሚጠጣ፣ ይኸ ለታመመችው ፍየል። የተረፈችውን በጣሳ ይዛ የልጆቹን ፊት ልታጥብ ስትወጣ ትንሹ «ጠማኝ» ይላታል። ምን ታድርግ? ታጠጣዋለች። ፊቱ ሳይታጠብ ይውላል፤ ዝንቧም ከአንዱ ልጅ ዓይናር ወደ ሌላው፣ ከወንድም ወደ እህት ስትመላለስ ትውላለች። ለዚህች ሴት ሳሙና ሰጥቶ «ተለወጪ» ማለት በደረቁ መላጨት ነው።

ስለዚህ ጥናቱን እኔ እንዲህ አነበዋለሁ። የተፈተነው ውሃ ሳይሆን የውሃ ጭላጭ ነው። ለአንድ መንደር አንድ የውሃ ነጥብ ሠርቶ ቀሪውን በስብከት መሙላት ተፈተነ፤ ወደቀ። ስብከቱ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከዋጉ ጥናት አስቀድሞም በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ ሽንት ቤት ቆፍሩ የሚለው ቅስቀሳ ለብቻው ተሞክሮ ከመድኃኒት በኋላ የሚመለሰውን ተህዋስ አላስቆመም። አልተሳካም ማለት ግን ሽንት ቤት ይቅር ማለት አይደለም፤ ሰው በሜዳ ይውጣ የሚል ሐኪም አላጋጠመኝም።

ነገሩ የዓይን ብቻ አይደለም። ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያቀፉ ትልልቅ ጥናቶች ተሠርተው ነበር፤ ጥያቄያቸው ርካሽ የውሃና የንጽሕና ዘዴዎች የልጆችን መቀንጨር ይቀንሱ እንደሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የወጣው መልስ አይቀንሱም የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ያሉት ውሃን እርሱት ሳይሆን ተቃራኒውን ነው፦ በጥቂት ሳንቲም የሚሠራው አልበቃም፣ የሰውን ኑሮ ከሥሩ የሚለውጥ ውሃና ንጽሕና ያስፈልጋል አሉ። ይህን ሳነብ ሰቆጣ ትዝ አለችኝ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ቃሉን የሰየመው በዚህችው በዋግ ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። የዓይኑ ጥናት የጀመረው ቃል ኪዳኑ በተገባ በሦስተኛው ወር ነው። ስማችንን ለዓለም አዋስነው፤ ቧንቧው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ታዲያ ነውር ነው?

አውሮፓን ተመልከቱ። ከመቶ ዓመት በፊት ትራኮማ የእነሱም በሽታ ነበር። ኒውዮርክ ደጃፍ ላይ፣ ኤሊስ ደሴት በሚባለው መግቢያ፣ የስደተኛውን የዓይን ቆብ በጫማ ቁልፍ መሳቢያ መንጠቆ ገልብጠው እያዩ በሽታው ያለበትን በመጣበት መርከብ ይመልሱ ነበር። በብዙው የአውሮፓ ምድር ግን አዚትሮማይሲን ከመፈጠሩ በፊት ጠፋ። የጠፋው ቤት ሲሻል፣ ውሃ ግቢ ሲገባ፣ አንድ አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ቁጥር ሲቀንስ ነው። ማንም እየዞረ የፖላንድን ወይም የጣሊያንን እናት ስለ ፊት መታጠብ በመገሠጹ አይደለም።

«ቧንቧው እስኪመጣ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ አገር ውስጥ አለ፤ እዚያው ጎንቻ ላይ። ተሾመ ገብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በዓመት አንዴ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናቱ የዓይን ተህዋስ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ41.9 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። እዚያው በተሠራ ሌላ ትንተና መድኃኒቱን ያገኙት ሕፃናት የመሞት ዕድል ካላገኙት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ለዓይን የተሰጠ ክኒን ነፍስ አተረፈ። መድኃኒቱ ይሠራል። ችግሩ ሲቆም ነው። የዋግ 40 መንደሮች ሰባት ዓመት ውጠው ሲያቆሙ የሆነውን ከላይ አይታችኋል፤ በእጅ የነበረው ድል በሦስት ዓመት ተበተነ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከአገሪቱ ትልቁ ቁጥር። ከዚያ ተነሥቶ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ በያዘው የ«ማልትራ ሳምንት» ዘመቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ የመድኃኒት መጠን ለክልሉ ሕዝብ ታድሏል። ቁመቱን በእንጨት ለክቶ ለእያንዳንዱ የሚሰጥ ሠራዊት የነበረን ሰዎች ነን። ይህን የሚያህል ሥራ ለሌላ አገር በተቆረጠ የዓመት ቁጥር ማቆም ዋግን አለማወቅ ነው።

ደግሞስ በዚያ ላይ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው እሳት የፃግብጂንና የአበርገሌን ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሎ ሰቆጣና ዝቋላ መጠለያ ውስጥ ጣለው። በአንድ ድንኳን ስንት ልጅ እንደሚተኛ፣ አንድ ቦቴ ውሃ ለስንት ቤተሰብ እንደሚደርስ ማስላት ሐኪም መሆን አይጠይቅም። ትራኮማ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ መጨናነቅ፣ ጥማት፣ አንድ ነጠላ ለአራት ፊት።

አያቴን ላንሣ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ያንጠለጥላሉ፤ የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ፀጉሩ ብሌናቸውን እየቧጠጠ ስላስቸገራቸው ልጅ ሆኜ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው «ያቺን ነጯን ፈልጋት» ይሉኝ ነበር። በወረንጦ ይዤ ስነቅላት እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ሳትነቀል የተሰበረችው ደግሞ በማግስቱ የባሰች እሾህ ናት። የዓይን ማዝ የሚባለው እዚህ የሚደርሰው በልጅነት ተህዋሱ እየተመላለሰ የቆቡን ውስጥ ጠባሳ ሲያደርገው ነው። ልጅ ያዘለች፣ ልጅ ያሳደገች ትጠቃለች፤ ስለዚህ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ሁለት እጥፍ ገደማ ይበዛል። በአያቴ አንገት ላይ ያለችው ወረንጦ እንኳ በጥናት ተፈትናለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ፣ አማራ ክልል ውስጥ በ1,300 ሰዎች ላይ በተሠራ ሙከራ ጥቂት ፀጉር የተቀለበሰባቸው ሰዎች ጥሩ ወረንጦና ሥልጠና ሲሰጣቸው በሁለት ዓመት ውስጥ የማየት ኃይላቸው ቀዶ ከታከሙት አላነሰም፤ ፀጉሩ መልሶ የበዛባቸው ግን ከ100 ሰው 13 ሲሆኑ፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል ሁለት ብቻ ናቸው። እስማኤል ሀብታሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በ1,000 ታካሚዎች ላይ ሁለት የቀዶ ዓይነቶችን አነጻጽሮ፣ ከቆቡ የውስጥ ወገን ብቻ የሚቆርጠው ዘዴ በዓመቱ የመመለስ መጠኑ 13 በመቶ ገደማ፣ ሙሉ ቆቡን የሚቆርጠው ግን 22 በመቶ መሆኑን አሳየ። ተመልከቱ፤ የተሻለውን ዘዴ ለዓለም ያስተማረው የእኛው ሰው ዓይን ነው። ሥራው ቢላ የያዘ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ የሚጨርሰው ነው። የእኛ እናት ግን አሁንም ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የልጅ ልጇን «ያቺን ነጯን ፈልጋት» ትላለች።

እንግዲህ ለዞኑ ጤና መምሪያ፣ ለክልሉ ጤና ቢሮ፣ ለለጋሾቹም ነው የምለው። የዋግን ሕዝብ ዓይን ገልብጣችሁ ያገኛችሁትን ውጤት በኽምጣና ቋንቋ፣ በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ንገሩት፤ የገዛ ልጆቹ ቁጥር ነው። መድኃኒቱን በደንብ መጽሐፍ ዓመት ሳይሆን ተህዋሱ በሚለው ልክ ስጡ፤ ካስፈለገ በዓመት ሁለቴ። ውሃውን የዓይን ፕሮጀክት ጭራ አታድርጉት፤ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ነው የሚሠራው፤ ዓይኑ ከዳነ ምርቃት ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗንም አትላኳት ባዶ እጇን፤ ጎረቤቷን እንድትገሥጽ የተቀጠረች አይደለችም። የሚቀጥለው የ«ፊትዎን ይታጠቡ» ፖስተር ማተሚያ ቤት ሳይገባ ደግሞ ገንዘቡ ለዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ክርና መርፌ ይዋል።